አሳንሰሩ እንዲሸከመን የቀነስነው ኪሎ

…ከዚያም ደወሉ ጮኸ። በሩ መዘጋት ከጀመረ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ኋላ ተመለሰና ወለል ብሎ ቆመ፤ ውስጥ የነበርነው ሰዎችም፣ ማንም ሳያዘን፣ ሁላችንም ወደ እህቴ ዞርን። እሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የፎቆቹን ቁጥሮች እንደ አዲስ ነገር ትኩር ብላ ስታያቸው ቆየች። “በሉ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ትንሽ አየር ልቀበል” ብላ ወጣች። ደወሉ ግን…

ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ ክቡር የሕንፃችን አስተዳዳሪ። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ደወል ነው፤ እሱን አስቀድሜ ካላስወጣሁት ሌላው ቃል አይከተልም። አሁን ወጥቷል፤ በከፊል። የቀረውን በቦታው እመለስበታለሁ።

እንደምን ሰንብተዋል? ልብዎ እንዴት ነው? ሳንባዎስ? እንቅልፍዎ ይበቃዎታል? ጉልበትዎን የምጠይቀው ለወጉ ብቻ ነው፤ ቢሮዎም መኖሪያዎም እዚያው ምድር ቤት በመሆኑ ጉልበቶችዎ እንደ አዲስ መጽሐፍ ሳይገለጡ እንደተቀመጡ አምናለሁና። እንደዚያው ይቆዩልዎት። ለመላ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ለፕሮግራማችን አሰልጣኝ ለሆነው ለእህትዎ ልጅ፣ ከሰባተኛ ፎቅ የወረደ፣ ማለትም በደረጃ የወረደ፣ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ለትምህርት ቤት መጻሕፍት የሰውን አካል የምሥል ሠዓሊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጨጓራና ኩላሊት ስስል ነው የምውለው። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ስትሆን፣ በሥራ ዘመኗ ድምፅዋን ብቻ የሰሙ ሰዎች ሁሉ ቀጭን ልጃገረድ አድርገው ይስሏት እንደነበር እየሳቀች ትናገራለች። እህቴ ቀጭን አልነበረችም። ጉልበቶቿም ደህና አልነበሩም፤ ሐኪሟ ደረጃ መውጣቱን እንደ ምንም ብትችለው እንኳ መውረዱን ፈጽሞ እንድትተወው ነግሯታል፤ የሚጎዳው መውረዱ ነው። ይሁንና ከምሳ በኋላ በአሳንሰር ወርዳ ታች ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ ዘንድ ትቀመጥና እስኪመሽ ድረስ በሸሚዝና በቀሚስ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ቅጠሪኝ አላለችም፣ ማንም አልቀጠራትም። የምትወርደው ለወሬው ነው።

ይህን የማስቀድመው ደብዳቤው ስለ ምን እንደሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው። ደብዳቤው አንዲት ሴት ከሰባተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ስለምትወርድበት መንገድ ነው። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ምስጋናዬም ብዙ ነው።

አሳንሰራችን አንዳንድ ቀን እየሠራ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአቅም በላይ ተጫነብኝ እያለ መጮህ ሲጀምር፣ ሌላ አስተዳዳሪ ቢሆን ኖሮ መካኒክ ይጠራ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ጠሩ። በዚያ ስብሰባ ላይ፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከትተው፣ “አሳንሰሩ ምንም አልሆነም፤ የከበድነው እኛ ነን” ያሉት ንግግር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የአምስተኛው ፎቅ ጡረተኛ ጎረቤታችን፣ ሰው ምንም ይናገር ምን “ልክ ነው” ስለሚል “ልክ ነው” ብለን የምንጠራው ሰው፣ ወዲያው “ልክ ነው!” አለ፤ እናም ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዳለፈ ተቆጠረ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ እጇን አውጥታ፣ “እኔ ሱቄም አልጋዬም ምድር ላይ ነው፣ አሳንሰር ረግጬ አላውቅም፤ እኔም ልክሳ ነው የምትሉኝ?” ብላ ብትጠይቅ፣ “ለአጋርነት ሲባል” ብለው በትሕትና መለሱላት። “እንግዲያው አሳንሰሩም ለአጋርነት ሲባል ይጠገን” ስትል ግን ስብሰባው ተበትኖ ነበር።

በማግስቱ በየፎቁ ግድግዳ ላይ “ሁለንተናዊ የክብደት መቀነሻና ጠብቆ ማቆያ ፕሮግራም” የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለንተናዊ የሚለውን ቃል ወደድኩት። አካልንም፣ አእምሮንም፣ እንቅልፍንም፣ ጉርብትናንም ይጨምራል ተባለ። አሳንሰርን እንደማይጨምር የገባን ውሎ አድሮ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሚዛኑ። በፕሮግራሙ ደንብ መሠረት በአሳንሰሩ መጠቀም የሚችለው ተመዝኖ፣ በአሰልጣኙ ተመርምሮ፣ በሩ ላይ አረንጓዴ ምልክት የተለጠፈለት ነዋሪ ብቻ እንዲሆን ማድረግዎ አስተዋይነት ነው። ሚዛኑን ከዳቦ ቤቱ መዋስዎ ደግሞ ቁጠባ ነው፤ የዱቄት ጆንያ የሚመዘንበት በመሆኑ ሰው ሲወጣበት ቶሎ አይደነግጥም። የቆመውም ምድር ቤት፣ በአሳንሰሩ በር አጠገብ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አእምሮዬን ትከነክነኛለች። እህቴ በአሳንሰር ለመውረድ አረንጓዴ ምልክት ያስፈልጋታል፤ አረንጓዴ ምልክት ለማግኘት መመዘን ያስፈልጋታል፤ ለመመዘን መውረድ ያስፈልጋታል። ይህንን ለአሰልጣኙ ባስረዳው፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ካሰበ በኋላ፣ “ታዲያ ሚዛኑን ወደ እሷ እናወጣዋለን፣ ምን ችግር አለው!” አለኝ። ቅን ልጅ ነው። ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ጋር ሆነው ሚዛኑን እየገፉ አሳንሰሩ ውስጥ አስገቡት። አሳንሰሩ ጮኸ። ሚዛኑም እንደኛው ከአቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። አሁንም እዚያው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ምናልባት ኪሎ እስኪቀንስ እየተጠበቀ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርታዊው ሥዕል። በየፎቁ መታጠፊያ ላይ የተሰቀለውን፣ የሰውን የውስጥ አካል የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል በሙያ ዓይን ተመልክቼዋለሁ። ቀለሙ ደማቅ ነው። ጉበቱ በሰውየው ግራ በኩል ነው። አሰልጣኙ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መጋረጃ ይለካ የነበረ በመሆኑ ስፋትን ከሩቅ የመገመት ችሎታውን አደንቃለሁ፤ ግራና ቀኝን ደግሞ በመስኮት ከውስጥ ስናይና ከውጭ ስናይ እንደሚለዋወጡ አውቃለሁ። ከሥዕሉ ሥር “ውሃ በብዛት ይጠጡ” ይላል፤ ይህን ምክር የማነበው ባዶ ባልዲ ይዤ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ በላይ ያለን ሰዎች ውሃ የምናገኘው ሲፈቅድ ብቻ ነውና። “በቂ እንቅልፍ የሌለው ሰው ያለ ረሃቡ ይበላል” ይላል፤ እውነት ነው፣ ይህን አንድም ቃል አልቃወምም፤ ከመኝታ ክፍላችን መስኮት ትይዩ፣ ጣሪያው ላይ የተተከለው ማሞቂያ ሲያጓራ የሚያድረውም ስለ እንቅልፍ ጥቅም እንድናስብበት ይሆናል። “ጭንቀትን ያስወግዱ” ይላል ደግሞ፤ በቀይ፤ በትልልቁ፤ ሦስት ቃለ አጋኖ ጨምሮ።

ሦስተኛ፣ ስለ አመጋገቡ። “ልክ ነው” ጎረቤታችን እያንዳንዱን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ እንዲያኝክ ታዝዞ፣ ሚስቱ በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ የጎረቤት ወሬ ሰምታ ስትመለስ እሱ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ሆኖ ታገኘዋለች። “እንዴት ነው፣ ይዋጣል?” ብትለው አፉ ሙሉ ስለሆነ “ልክ ነው” ማለት እንኳ አቃተው፤ በትዳራቸው ዘመን ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነግራናለች። በኋላም ጎመን ብቻ እየቀቀለ ከሳ። አጨበጨብንለት። ሱሪው ወረደበት። ከዚያ አንድ ቀን ጎመኑ አንገሸገሸው፤ የሸኘው ኪሎም ብቻውን አልተመለሰም፣ ጓደኛ ይዞ መጣ። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነው የሚያልፈኝ። መክሳትም መወፈርም በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ሰውን አንገት የሚያስደፋው ጭብጨባው ይመስለኛል።

በእኛም ቤት ነገር ተለወጠ። ማታ ማታ ለራት ስንቀመጥ ዓይኔ ሳላውቀው ወደ እህቴ ሳህን ይሄዳል። ሁለተኛ ጭልፋ ስትጨምር ትንፋሼን እይዛለሁ። ምንም አልልም፤ ግን አንድ ሰው ምንም አለማለቱ ከጠረጴዛው ማዶ ይሰማል። አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ “አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ከሳህኔ ላይ አንሣልኝ፤ እሱም ኪሎ አለው” አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ትንሽ ቆይቼ ነው የሳቅኩት።

አራተኛ። ይህኛው አጭር ነው። በፕሮግራሙ የመጀመሪያዎቹ ወራት እህቴ ወፈረች።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎ፤ ለሪፖርትዎ ሊጠቅም ይችላል። ቀድሞ ከምሳ በኋላ ቦርሳዋን አንሥታ የምትወርድበት ሰዓት ሲደርስ፣ እግሯ በልማድ ይነሣል። በር ድረስ ትሄዳለች። በሩ ላይ አረንጓዴ ምልክት የለም። ትመለሳለች። የምትመለሰው ደግሞ በወጥ ቤቱ በኩል ነው፤ ቤታችን እንደዚያ ነው የተሠራው፤ በወጥ ቤቱም የዳቦ ሳጥን አለ። እኔ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሆኜ የሳጥኑን ክዳን ድምፅ እሰማለሁ። “ራበሽ እንዴ?” ብላት፣ “አይ፣ ሰዓቱ ነው” ትለኛለች። ሰዓቱ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ግድግዳው ላይ ቢለጥፉት ጉበቱ በግራም ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። እኔ የጨጓራን ሥዕል ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ፤ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቀዳዳ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ወሬ የናፈቀው ጨጓራ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባ ግን ማንም አላስተማረኝም።

አምስተኛ፣ ስለ ወንበሮቹ። እዚህ ጋ ከልብ የሆነ ምስጋና አለኝ፤ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀልብኝ እፈራለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ጓደኛዋ መቅረቷን ስታይ፣ የቁልፍ ከረጢቷንና የተጀመሩ ሸሚዞችን ተሸክማ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። እሷም ወጣት አይደለችም። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ስታለከልክ ሰምተው መታጠፊያው ላይ ወንበር አወጡላት። አራተኛዎቹ ይህን አይተው ተፎካከሩና ባለ መደገፊያ አወጡ። ጥቂት ቆይቶ በየፎቁ ወንበር ነበረ፤ ወንበር ባለበት ደግሞ ሰው ይቀመጣል። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ለዓመታት በአሳንሰር ቁጥር ቁጥሩን እያየን የተላለፍን ሰዎች ፊት ለፊት ተያየን። እህቴ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ ወደ ጎን እየተራመደች፣ አንድ ፎቅ ብቻ መውረድ ለመደች። ጉልበቷ ያንን ይፈቅድላት ነበር፤ ከዚያ በታች ግን እሺ አላላትም። የስድስተኛ ፎቅ ሰዎች በጊዜ ራት ስለሚበሉ ከእነሱ ጋር መብላት ጀመረች። ኮሪደሩን እየዞረች በር ታንኳኳለች፤ “ደህና ናችሁ?” ለማለት። ከዚያም ማሞቂያው ቢያጓራም ደክሟት ትተኛለች።

የምትበላው ምግብ ያው ነበር ማለት ይቻላል። የዳቦ ሳጥኑ ክዳን ግን ዝም አለ።

መክሳቷን እኔ አላየሁም፤ አብሮ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን አያይም። ያወቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜትሯን በእህቴ ወገብ ላይ አዙራ፣ እንደገና አዙራ፣ “እትዬ፣ አንቺ እኮ ጨርቅ ልታተርፊልኝ ነው!” ብላ ጮኸች። እህቴ፣ “ሜትርሽ አርጅቶ ይሆናል፣ ተለጥጦ” አለች። “ሜትሬ ቢለጠጥማ እንዲህ ብዬ በጮህኩ? እጅሽን አንሺ ይልቅ፣ አትንቀሳቀሺ፣ በመርፌ እንዳልወጋሽ።” ቀሚሷን አጠበበችው። ወራት አልፈው እንደገና አጠበበችው። በመካከሉ እህቴ ኬክ በልታለች፣ ታምማ ተኝታለች፣ ከእኔ ጋር ተኮራርፋለች፤ የቀነሰው ግን አልተመለሰም። አሰልጣኙ “መቀነስ ቀላል ነው፣ ወሳኙ አለመመለሱ ነው” ሲል ሁልጊዜ ይደመጣል፤ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ያልተመለሰው፣ ለመመለስ ቢመጣ የሚያገኘው ባዶ ሰዓት ስላጣ ይመስለኛል። ይህ የሙያ አስተያየት አይደለም።

እናም ክቡርነትዎ ወንበሮቹን አስነሡ።

ማስታወቂያውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ “በደረጃ ላይ መቀመጥ ከፕሮግራሙ የእንቅስቃሴ መንፈስ ጋር የሚጋጭ ሆኖ በመገኘቱ” ይላል። ወንበሮቹ በአንድ ጧት ተለቅመው ወደየቤታቸው ገቡ። ሰዎቹም ከወንበሮቻቸው ጋር ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ያለ ዕረፍት ሰባተኛ ፎቅ ለመድረስ ሞከረች፤ አራተኛው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስትተነፍስ ያገኛት “ልክ ነው” ክንዷን ይዞ አወረዳት። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። የስድስተኛ ፎቅ ሰዎች እህቴን ይጋብዟታል፤ እሷ ግን መታጠፊያው ላይ አረፍ ሳትል ያንን ደረጃ መመለሱ ከብዷታል።

ባለፈው ሳምንት የዳቦ ሳጥኑን ክዳን ሰማሁ።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። እየሳልኩ የነበረው ጉልበት ነበር፤ ለአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ፤ ምንም ሕመም የማያውቅ ቆንጆ ጉልበት። ክዳኑ እንደገና እስኪዘጋ ጠበቅኩ። ስድስተኛ ነገር ካለኝ እሱ ነው፤ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ መካከል ያለው ጊዜ። ለዚያ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን እርስዎ የላኩልን ግብዣ ነው። የእህቴ መክሳት በወሬ ወሬ ቢሮዎ ደርሶ፣ የፕሮግራሙ አርአያ ሆና እንደተመረጠች፣ በመጪው እሑድ ምድር ቤት ተገኝታ በነዋሪው ፊት ሚዛኑ ላይ ቆማ ፎቶ እንድትነሣ፣ ፎቶዋም ከጉበቱ ሥዕል ጎን እንደሚሰቀል ገልጸዋል። ግርጌው ላይ፣ አረንጓዴ ምልክት እስካሁን ስላልተሰጣት በደረጃ እንድትመጣ በአክብሮት ተጠይቃለች። ይህን ሳነብላት እህቴ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠራረገች፤ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ስቃ ነው። “ሰባት ፎቅ በእግሬ ወርጄ የምነሣው ፎቶ ለአርአያነት አይሆንም፣ ለሐኪሜ ይላኩለት” አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከመስኮቱ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ አይታይም፤ የሚታየው ጥላው የሚያርፍበት ንጣፍ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ንጣፉን አየችው።

አሁን፣ ከፈቀዱልኝ፣ ከላይ ወዳቋረጥኩት ልመለስ።

እህቴ ወጣች። ደወሉ ግን አላቆመም። ያን ጊዜ እኔ ወጣሁ፤ ከእሷ ጎን ቆምኩ። ደወሉ አላቆመም። “ልክ ነው” ግራ ገብቶት፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ፣ ለአሳንሰሩ “ልክ ነው፣ ልክ ነው” እያለ ወጣ። ደወሉ አላቆመም። ውስጥ የቀሩት አንድ ሰው ነበሩ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ወደ ወለሉ አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም በቀስታ፣ አንድ እግራቸውን ቀድመው፣ ወጡ። አራታችንም ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈን፣ ወለል ብሎ የተከፈተውን፣ መብራቱ ቦግ ያለውን፣ አንድም ሰው የሌለበትን አሳንሰር አየነው።

ባዶው አሳንሰር ከአቅም በላይ ተጫነብኝ ብሎ ይጮኻል።

የመጨረሻው ሰው እርስዎ ነበሩ፣ ክቡርነትዎ። እኛን አዩን፤ አየንዎት። እርስዎ ጉሮሮዎን ጠረጉና “ነገ ስብሰባ አለ” ብለው በደረጃው ወረዱ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የእርስዎ ስብሰባ አይደለም፤ አስተዳዳሪ ነዎት፣ ስብሰባ ይጠራሉ። የሚያስጨንቀኝ፣ ባዶውን ሲጮህ በጆሯችን ሰምተን፣ በማግስቱ ሁላችንም ዳቦ መቀነሳችን ነው። እኔ ራሴ ስኳር ተውኩ። እስካሁንም ቀበቶዬን ሳጠብቅ፣ በጣም በትንሹ፣ ለአሳንሰሩ ብዬ ይመስለኛል።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። የእህትዎን ልጅ ከሥራ እንዲያስወጡ አልጠይቅም፤ ደስተኛ ልጅ ነው፣ መጋረጃችንንም ይለካልናል። ሥዕሉም ይሰቀል። ጎመኑም ይቀቀል። እባክዎ መካኒክ ይጥሩ። እስኪመጣም ድረስ ወንበሮቻችንን ይመልሱልን። አካልን፣ አእምሮን፣ እንቅልፍንና ጉርብትናን በአንድ ላይ የሚያክም ሁለንተናዊ ፕሮግራም ፈልገው ከሆነ፣ በየመታጠፊያው ቆሞ ነበር፤ አራት እግር ነበረው።

ጤናዎን፣ ትዕግሥትዎንና የወለልዎን ቅርበት ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ በክብርዎ ፊት ከወገቤ ዝቅ ብዬ (አሁን ይቻለኛል፣ ለፕሮግራሙ ምስጋና ይግባው)፣ በሰባተኛ ፎቅ ያለ ውሃ፣ ያለ ምልክትና ያለ ስኳር የምኖር፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣ ሁልጊዜም ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ፣

የአርአያዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ፣ አጥፌ፣ ቢሮዎ በር ላይ ልለጥፍልዎ ስወጣ እህቴ ከኋላዬ መጣች። የጠበበውን ቀሚሷን ለብሳለች፤ ቦርሳዋን ይዛለች። “ስጠኝ፣ እኔ አደርስለታለሁ” አለችኝ። ምልክት እንደሌላት አስታወስኳት። “አውቃለሁ። ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር ቁልፍ እተክላለሁ።” ይህን የምጽፈው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ አሳንሰሩ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ። እንግዲህ ደብዳቤው በእጇ ይደርስዎታል፤ “ሚዛኑ ላይ ውጪ” ብለው ቢጠይቋት እሺ ትላለች፣ አስቀድመው ግን እርስዎ ይውጡ፤ ከአሳንሰሩ ወደ ኮሪደሩ በተራ መውጣትን ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና። አሳንሰሩ መጣ። በሩ ተከፈተ። ገባች። ሁለታችንም ደወሉን ጠበቅን። አብሬያት ልገባ እግሬን ሳነሣ፣ “አንተ ቆይ፣ ወረቀቱን ብቻ አቀብለኝ” አለች፤ ይኸው አቀብላታለሁ፤ በሩ እየተዘጋ ነው